የዳቦው ጫፍ

ፌርናን ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ጫፉን መንገድ ላይ ሳይገምጥ ቤት አይገባም ነበር። ሚስቱ ሶላንዥ ዕድሜ ልኳን ስትቆጣው ኖራ፣ እሱ በሞተበት ጠዋትም ለእሱ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይኸው ቁጣ ሆነ።

የመንደሩ ዳቦ ቤት ተዘግቷል፤ አሁን ዳቦ በመኪና የሚያዞረው ጂልዳ አጥሯ ላይ ያንጠለጥልላታል። ሦስት ጠዋት ጫፉ ተገምጦ ስታገኘው፣ በአራተኛው ወጥታ ጠበቀችው።

«አንተ ሆዳም፣ ቤትህ ቁርስ የለም?»

«ማዳም፣ የየደጁን ዳቦ ብገምጥ ኖሮ የመኪናው በር ያስገባኝ ነበር?» ብሎ ሙሉውን ዳቦ እጇ ላይ አኖረላት።

ዳቦውን አቅፋ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ጫፉ ተገምጧል። ከኋላዋ የማላመጥ ድምፅ ተሰማ።

«ዛሬስ አልቆጣህም፣ ፌርናን፤ ሁሉንም ብላው» አለች ሳትዞር።

ማላመጡ ቆመ።