የአስናቀች ጣሪያ

ጋሽ ኤርካሎ መሰላል ላይ ወጥተው የጭቃ ቤቱን ቆርቆሮ ይነቅላሉ፤ እኔ ከታች ቆሜ ሕግ እጠቅስላቸዋለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሚስማሩ ሲነቀል ይጮኻል፣ እኔም ከሚስማሩ በላይ እጮኻለሁ፣ እሳቸው ግን ሥራቸው ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ ተከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይወጣም! ጣሪያ ማንሳትማ ጭራሽ ያስጠይቃል!»

«ልጄ፣ አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?»

የጠራችን ተከራይዋ አስናቀች ናት። እኔና በእምነት የሕግ ተማሪዎች ነን፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫው ውስጥ ዛሬ ተረኛ ነበርን። አስናቀች በሩን ሳታንኳኳ ገብታ፣ ከልጆቿ ጋር የምትኖርበትን ክፍል አከራይዋ ሊያፈርሱባት እንደሆነ ነገረችን። በባጃጅ ይዘናት ስንደርስ ከጣሪያው ቆርቆሮ ተነስቷል፣ አልጋዋ ሰማይ ያያል።

ጋሽ ኤርካሎ ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም የተከበሩ ሽማግሌ። ልጃቸው ከበዴሳ ሙሽራ ይዞ ሊመጣ ነው፤ ያለቻቸው ትርፍ ክፍል ደግሞ ይህችው ናት። ውጪልኝ ሲሏት ከርመዋል። እሷም ቤት ስትፈልግ ከርማለች። ግን ልጆቿን የምታሳድገው ለሥጋ ቤቶች ዳታ የሚባለውን የሥጋ ማባያ እያዘጋጀች ነው፤ ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ ሲወቀጥ ግቢው በሙሉ ያስነጥሳል። ዳታ ሲቀርብለት እምቢ የሚል የወላይታ ሶዶ ሰው አላየሁም፤ አጠገቡ ሲወቀጥ እሺ የሚል አከራይም አልተገኘም።

«ክርክሩን ተወውና ፎቶ አንሳ» ትለኛለች በእምነት። «ነገ ሁከት ይወገድልኝ ብላ ትከሳለች። ሲነቅሉ ዳኛው በዓይኑ ይያቸው።»

ስልኬን አወጣለሁ። ጋሽ ኤርካሎ የነቀሉትን ቆርቆሮ በአንድ እጃቸው ይዘው ወደ ታች ሲዞሩ መሰላሉ ይንሸራተታል። ብዙም አይደለም፤ ግን ፊታቸው አመድ ይመስላል። እኔ ስልኬን ይዤ ስደነግጥ አስናቀች ሮጣ መሰላሉን ጨብጣዋለች፣ እግሩንም በእግሯ ረግጣዋለች።

«እትዬ አስናቀች፣ ይልቀቁት! ፎቶው ውስጥ ገቡ! ራሷ መሰላል ይዛ ነው ያስፈረሰችው ይሉናል!» ትጮኻለች በእምነት።

«ቢወድቁስ?» ትላለች ዘወር ሳትል። «ሐኪም ቤት ይዟቸው የሚሮጠው ዳኛው ነው?»

በእምነት ጭንቅላቷን ትይዛለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል፤ እውነቴን ነው፣ አፈርኩ።

አስናቀች ቆርቆሮውን በአንድ እጇ ተቀብላ ግድግዳው ላይ ታስደግፈዋለች። ጋሽ ኤርካሎ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሌላውን ለመንቀል አንድ እግራቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። በደንብ ያዢው ይሏታል መሰለኝ በወላይትኛ። ለምደውታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያውን ሲጠግኑ የምትይዝላቸው እሷ ነበረች።

«ጋሼ» ትላለች። እስካሁን በወላይትኛ ነበር የሚነጋገሩት፤ ይህንን ግን እኛም እንድንሰማው በአማርኛ ነው የምትለው። «ለመውረድ እይዝልዎታለሁ። ለመውጣት ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

እግራቸው እንደተነሳ ይቀራል። ወደ አጥሩ ያያሉ። እስካሁን አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ለነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ ድንገት ሥራ ተገኝቶላቸዋል። አንዷማ በዚያ ደመና ልብስ ታሰጣለች።

ከዳሞታ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ክፍሉ ውስጥ፣ አልጋው ላይ ያርፋሉ። ከላይ የቆሙት ጋሽ ኤርካሎ ናቸውና የልጆቹ ብርድ ልብስ ሲርስ የሚያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ የማየው ፊታቸውን ነው፤ አሳዘኑኝ።

ይወርዳሉ። እንዳለችው እስከ መጨረሻው ትይዝላቸዋለች። መሬት ከረገጡ በኋላ የተደገፉትን ቆርቆሮዎች ያያሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ይዞራሉ።

«አንተ የሕጉ ልጅ፣ ና መሰላሉን ያዝልኝ።»

«ለምን?»

«ልመልሰው ነዋ! ዝናቡ አይታይህም?»

ስልኬን ኪሴ ከትቼ እይዝላቸዋለሁ። አስናቀች ቆርቆሮ ታቀብላለች።

«ክሱ ነገም ይገባል» ትላለች በእምነት፣ ለእሳቸውም ለእኔም።

«ይግባ» ይላሉ ከላይ። ቆርቆሮዎቹን በየቦታቸው ያጋድማሉ። ከመሬት ሚስማር ለቅሜ ስዘረጋላቸው እጃቸውን ይነቀንቃሉ።

«ሚስማር ይቅር። ድንጋይ ይበቃዋል።»

ድንጋይ ማለት ሐሳባቸውን አልለወጡም ማለት ነው፤ ሌላ ቀን አንስቶ መጣል ነው። ይህ ለአስናቀችም ገብቷታል። ዝናቡ እየመታት ግቢውን እየዞረች ድንጋይ ትመርጣለች፤ ቀላል ቀላሉን ትታ ከባድ ከባዱን አቅፋ ታመጣለች።