በጫካ ዳር የማይጠራ ስም

ፖሊሱ በሴትየዋ ልጅ አስከሬን አጠገብ በተኛው ውሻ ላይ ጠመንጃውን ደገነ። «ዞር በይ፣ እናት! ራስሽ አይደለሽ ‹ውሻ ነው የገደለው› ያልሽኝ?»

እውነት ነው፣ ብላለች። ጫካ ዳር ያጓሬቴን፣ ያንን ነብር መሳይ አውሬ፣ በስሙ የሚጠራ አልነበረም፤ ስሙን ከሰማ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉም «ያጓ» ይሉታል፣ በአገሩ ቋንቋ «ውሻ» ማለት ነው። ከተሜው ፖሊስ ይህን አያውቅም። ባሏ ደግሞ ቆንጨራ ብቻ ይዞ የአውሬውን ዱካ እንደተከተለ አልተመለሰም።

«በሞቴ፣ ልጄ፣ እጄን እይ» አለችው ፖሊሱን። የውሻውን የጀርባ ጸጉር ገልጣ አራት ጣቶቿን በአራቱ የጥፍር ቁስሎች ላይ ዘረጋች። አልደረሱም፤ ቁስሉ ከመዳፏ ይሰፋ ነበር።

ፖሊሱ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «ይሄማ ያጓሬ...» ሲል ተወርውራ በደም በራሰ እጇ አፉን ግጥም አድርጋ ያዘችው።