ጠያቂ አላጣሁም

ልጄ መሳፍንት በየአምስት ደቂቃው ይጠይቀኛል። እሱ ራሱ እንዳይመስላችሁ፤ የጻፈው ፕሮግራም ነው። ማሽን ከጠየቀ ዘመድ እንደጠየቀ ይቆጠራል የሚል ደንብ ከወጣ ወዲህ፣ ቤቴ ያለውን ዕቃ ሁሉ በየተራ «ስምህ ማን ነው? የት ነህ? ከበራህ ስንት ጊዜህ?» ይለዋል። ፍሪጁም ይመልሳል፤ የልብ ትርታዬንና እርምጃዬን የሚቆጥረው አምባርም ይመልሳል።

እግሬ ተሰብሮ ተኛሁ። ልጄ ያውቅ እንደሆነ ልየው ብዬ አምባሩን ለዶሮዬ አሰርኩላት።

«እማዬ፣ እርምጃሽ ጨምሯል፤ በርቺ!» ብሎ ጻፈልኝ። ተማረ የተባለው እንግዲህ እሱ ነው!

ለፋሲካ ዶሮዋን አሳረድኳት። አምባሩ «የልብ ትርታ የለም» ብሎ መለሰለት። አራት ዓመት ዓይኑን ያላየሁት ልጄም ጥቁር ለብሶ፣ ደረቱን እየደቃ ደጄ ላይ ደረሰ።

«ግባ» አልኩት፤ «ሟቿ ድስት ውስጥ ናት። አልቅሰህ ስትጨርስ ትበላለህ።»