ዓሣ ያላየው ነገር

የቻሞ ሐይቅ ዓሦች ያዩትን እርስ በርስ መነጋገር ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱ ዓሣ ተይዞ፣ ተመዝኖ ከተለቀቀ፣ የተያዘበትን የመንጠቆ ማባበያ በማግስቱ የሚጠጋው ዓሣ አይገኝም። የሱቁ ማባበያ ሁሉ ታይቶ ስላለቀ፣ የዓሣ ማጥመድ ውድድሩ ተወዳዳሪዎች የሚያብረቀርቅ ነገር ከየቤታቸው ይፈልጋሉ።

ያለፈው ውድድር አሸናፊ ጩፋሞ በፍጻሜው ዕለት ጠዋት ቤቱን ያገላብጥ ነበር። ማንኪያዎቹ በየቅርጹ ተቆርጠው አልቀዋል። የሬዲዮውን አንቴናና የሰዓቱን ማሰሪያም ሐይቁ አይቷቸዋል። መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ተመልሶ ያንኑ ይከፍታል።

"ምን ትፈልጋለህ?" አለችው ሚስቱ ዘሪቱ።

ዓይኑ ጣቷ ላይ አረፈ። ዘሪቱ ጣቷን በሳሙና አሽታ የጋብቻ ቀለበቷን አወለቀች። መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያ ቀለበት ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ናይል ፐርች የተባለ ዓሣ ያዘ። ከሰዓት በኋላ ዋንጫውን ታቅፎ ሲገባ ቀለበቱን መለሰላት። ዓሣው ነክሶ ስላጣመመው አልገባላት አለ። መስኮቱ ጥግ አኖረችውና የልጆቹን ሾርባ ዋንጫው ውስጥ ቀዳች። ሁለቱ ልጆች እየተቀባበሉ መጠጣት ጀመሩ።

ጩፋሞ መቀመጥ አልሆነለትም። ለሚቀጥለው ውድድር ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። የዋንጫው እጀታ በመስኮቱ ብርሃን ያብረቀርቃል።

"የብረት መጋዙ የት ነው ያለው?" አላት።

"መጀመሪያ ልጆቹ ይጨርሱ" አለችው ዘሪቱ።