አንድ ሸክም እንጨት

ሰባኪው ማይልስ በእንግሊዟ ኮልቸስተር ከተማ አደባባይ ከግንድ ጋር ታስሯል፤ ሰዉም እሱ የሚቃጠልበትን እንጨት እያመጣ እግሩ ሥር ይከምር ነበር። እንጨት ያዋጣ ኃጢአቱ ይሰረይለታል ተብሏል። ማይልስን ለእሳት ያበቃው ደግሞ «ስርየት አይገዛም» ብሎ መስበኩ ነው። ቀስ ብሎ እንዲነድ፣ የከተማው ሹም እርጥብ እንጨት ብቻ እንዲመጣ አዟል።

እናቱ ሸክሟን ይዛ ስትመጣ መንገድ ለቀቁላት።

«እሰይ!» አለች ጎረቤቷ ሲሲሊ። «ለገዛ ልጅሽ ተሸክመሽ? አንቺማ ገነት በር ላይ ነሽ።»

እናቲቱ ሸክሟን ወደ ልጇ ጉልበት አስጠጋች። ከላይ እርጥብ ቅርንጫፍ ጣል አድርጋበታለች እንጂ ውስጡ ምድጃ ዳር ያደረቀችው ጭራሮ ነው፤ ቶሎ ይገላግለዋል።

«እማዬ» አላት ማይልስ፣ «አንቺም ስርየት ልትገዢ መጣሽ?»

አንድ ወታደር አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል።

«አዎ፣ ልጄ» አለችው።