አባ ግድቡ ምድጃውን ሊያይ የሄደ ቀን

«አልያዘም» አለች ልጁ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «እሳቱ አልያዘም። እንደገና ከመጀመሪያው እንነሳለን።»

አባ ግድቡ ከኋላዋ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቁነጠነጠ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የግድብ ማመንጫ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ስሙም ከዚያው የተረፈው ነው። ልጁ የጋዝ ማመንጫ ከተቀጠረች ወዲህ ሥራዋን «ምድጃው» እያለ ያሾፍባታል። «ዛሬስ ምድጃሽ ተለኮሰ?» ይላታል ቤት በመጣች ቁጥር። እውነትም የሚለኮሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ግድቡ ጢም ብሎ እስከሞላ ድረስ ጋዝ ማን ይፈልጋል? ዛሬ ቤተሰብ የሚጎበኝበት ቀን ነው ብላ ለምና አመጣችው። በር ላይ የሰጡትን ሄልሜት እንኳ አላደረገም። «ምድጃ ለማየት ደግሞ ሄልሜት» ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል።

ስልኩ ጮኸ። ለአካባቢው በሙሉ መብራት የሚያከፋፍለው ማዕከል ነው፤ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ላለ ሁሉ ይሰማል።

«ምን ላይ ደረሳችሁ? የግድቡ ማመንጫ ሊጠፋብን ነው። ውሃው ወርዶ ሁለቱ ማሽኖች ቆመዋል፤ አንዷ ብቻዋን ሁሉንም ተሸክማለች። እሷ ከወጣች አምስቱም ከተማ ይጨልማል፤ ሆስፒታሉም፣ የውሃ ፓምፖቹም።»

አባ ግድቡ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አደረገ። የእሱ ግድብ ነው። ያቺ አንዷ ሦስተኛዋ ማሽን መሆኗን ሳይነግሩት ገባው፤ በክፉ ቀን የማትከዳ እሷ ናት። ግድግዳው ላይ፣ ማሽኖቹ ጭነት ሲበዛባቸው የሚወርደው፣ ሃምሳ መሆን ያለበት ቁጥር አርባ ዘጠኝ ነጥብ አራት ይላል። አርባ ሰባት ተኩል ከደረሰ ሦስተኛዋ ራሷን ለማዳን ከመስመር ትወጣለች። ይህን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

«አሥር ደቂቃ ስጡኝ» አለች ልጁ።

«አሥር ደቂቃ ከየት ላምጣ? ማናፈሱን ዝለሉትና አስነሱ።»

«አልዘልም። ሳይቃጠል የቀረ ጋዝ የማሽኑ ሆድ ውስጥ አለ። በአየር ሳይጠረግ እሳት ብሰጠው ይፈነዳል፤ ያኔ ለዛሬም ለነገም ማመንጫ የላችሁም። እስከዚያ የፋብሪካዎቹን መስመር ቁረጡና ግድቡን አቆዩልኝ።» ስልኩን ዘጋችው።

በግድብ ቤት እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። በሩን ትከፍታለህ፣ ውሃው ይመጣል፣ አለቀ። «አንቺ ልጅ፣ ቶሎ በይ እንጂ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጀርባዋን አየ። ጀርባዋ ንቅንቅ አላለም። ልጅ ሆና እልህ ሲይዛት እንዲህ ነበረች፤ እናቷ «ቁርጥ አንተን» ትለው ነበር። ቃሉን ዋጠው።

ከግድግዳው ማዶ ማናፈሻው ያጉረመርማል። አርባ ዘጠኝ። አርባ ስምንት ነጥብ ስድስት። ፋብሪካዎቹ ሲቆረጡ ቁጥሩ ቆም አለ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መውረዱን ቀጠለ። አባ ግድቡ የእጅ ሰዓቱን ያያል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ጀርባዋን ያያል። እንዲህ የፈራበትን ቀን አያስታውስም።

«እሳት» አለች።

ወለሉ በጫማው በኩል ነዘረው። ጉርምርምታው እያደገ እያደገ ሄዶ ፉጨት ሆነ። አልቸኮለችም፤ የማሽኑ ፍጥነት ከመስመሩ ጋር እስኪገጥም ጠብቃ ቁልፉን ተጫነች። አርባ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ላይ የነበረው ቁጥር ተንገራግጮ ቆመ። ከዚያ ሽቅብ ወጣ፤ አርባ ስምንት ተኩል፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ።

አባ ግድቡ ሳያስበው ብድግ ብሎ ነበር። ሄልሜቱ ከጉልበቱ ወድቆ ተንከባለለ። ኮራ። ደረቱ እስኪጠበው ድረስ ኮራ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን የደወለው ግድቡ ነው፤ ድምፁን ወዲያው ለየው። ራሱ ያሠለጠነው፣ ዛሬ በእሱ ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው።

«እግዜር ይስጣችሁ፣ ሦስተኛዋ ተርፋለች። ጋሼ ጠዋት ‹ምድጃ ላይ ልሄድ ነው› ብለውኝ ነበር፤ መቼም ያስነሱት እሳቸው ናቸው። እስቲ አገናኙኝ፣ ላመስግናቸው።»

ልጁ ዞር ብላ አየችው። ስልኩን ዘረጋችለት።

«እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ» አለ አባ ግድቡ። «ያስነሳችው የፈረቃው ኃላፊ ናት። ምስጋናህን ለእሷ አድርስ። ደግሞ ስታነጋግራት አንቱ በላት።»

ስልኩን መለሰላት። ጎንበስ ብሎ ሄልሜቱን ከወለሉ አነሳ፣ በእጁ አራገፈው፣ ራሱ ላይ አጠለቀና ማሰሪያውን አገጩ ሥር ጥብቅ አድርጎ ቆለፈው።