ከባንኮኒው ማዶ

አባቷ በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ፣ የምትወለውለው ብርጭቆ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። መጠጥ ቀጂ ከሆነች ጀምሮ «የዚያን ቤት ደጃፍ አልረግጥም» ሲል የከረመው ሰውዬ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። እንግዳ ከመቀመጡ በፊት ሰላም ማለት ግን ልማዷ ነበር።

«እንኳን ደህና መጣህ አባዬ! ና፣ ይሄ ጥግ ይመችሃል።»

«አልቀመጥም። እንደማልጠጣም ታውቂያለሽ።»

«መች ላስክርህ አልኩ?»

ከባንኮኒው ዳር የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ደንበኛዋ ሳቀ። «አባባ፣ እሷ ከቀዳችው እኮ ውሃም ይጣፍጣል!»

ለምን መጣህ ብላ አልጠየቀችውም። ሎሚ ጨመቀች፤ ዝንጅብልና ማር ጨመረች፤ በረዶ ከተተችና የመጠጥ መበጥበጫውን ሼከር ከትከሻዋ በላይ አንስታ ናጠችው። አባቷ ዓይኑን ከእጆቿ ላይ አልነቀለም። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችለት፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም።

ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ በረዶው ብቻ እስኪቀር ጨለጠው። ባርኔጣውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«ድገሚኝ እስቲ» አለ፣ «አሁን ግን ቀስ ብለሽ፤ አሠራርሽን በደንብ ልየው።»